መቶኛው ከስንት ላይ እንደሆነ ይጻፍልን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው። በዜናውም፣ በጤና ዓምዱም፣ በስፖርት ገጹም "ዕድሉ ይህን ያህል በመቶ ነው" የሚል ዓረፍተ ነገር እየበዛ መጥቷል። ከስንት ላይ ነው? ከእነማን መካከል? ምን ከታወቀ በኋላ ነው? ይህ ግን አብሮ አይጻፍም። ይህ ሲጎድል ቁጥሩ ባዶውን ይቀራል፤ ብዙ ጊዜ እንዲያውም ያሳስታል። እባካችሁ መቶኛ ስትጽፉ መሠረቱንም ጻፉልን።

የፕሮባቢሊቲ (የዕድል ስሌት) መነሻው ከባድ አይደለም። መጀመሪያ ሊመጡ የሚችሉትን ውጤቶች በሙሉ እንዘረዝራለን። ከዚያ የምንፈልጋቸውን እንቆጥራለን። ውጤቶቹ እኩል ዕድል ካላቸው የምንፈልጋቸውን ብዛት ለጠቅላላው ማካፈል ብቻ ነው። ዳይስ ሲወረወር ጎዶሎ ቁጥር የመምጣት ዕድሉ ከ6 ውስጥ 3፣ ማለትም ግማሽ ነው። መልሱ መቼም ከ0 አያንስም፣ ከ1 አይበልጥም። ከ1 የበለጠ ካገኘን የሆነ ቦታ ተሳስተናል ማለት ነው።

"እኩል ዕድል ካላቸው" የምትለዋን ግን አብዛኛው ሰው ዘሏት ያልፋል። "ወይ ይሆናል ወይ አይሆንም፣ ስለዚህ ሃምሳ ሃምሳ ነው" ሲባል ያልሰማ ማን አለ? ሁለት ውጤት መኖሩ ብቻውን እኩል አያደርጋቸውም። ዳይስ ላይ 6 ወይ ይመጣል ወይ አይመጣም፤ የመምጣት ዕድሉ ግን ከስድስት አንድ ነው።

እዚህ ላይ የተሳሳተው ተራ ሰው ብቻ አይደለም። ዳላምቤር የሚባለው ታላቅ ፈረንሳዊ የሒሳብ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1754 አንድ ጥያቄ አንስቶ ነበር። ሳንቲም ሁለት ጊዜ ቢወረወር ቢያንስ አንድ ጊዜ ዘውድ የመውጣት ዕድሉ ስንት ነው? እሱ እንዲህ ቆጠረ፤ መጀመሪያ ዘውድ ከወጣ ጨዋታው አበቃ፣ ወይም ጎፈር ወጥቶ ዘውድ ይከተላል፣ ወይም ሁለቱም ጎፈር ይሆናሉ። ሦስት ውጤት፣ ሁለቱ የምንፈልጋቸው፣ ስለዚህ ከሦስት ሁለት አለ። ትክክሉ ግን ከአራት ሦስት ነው። ምክንያቱም "መጀመሪያ ዘውድ" የሚለው ውስጥ ሁለት ውጤቶች ተደብቀዋል፣ ዘውድ-ዘውድ እና ዘውድ-ጎፈር። ዝርዝሩ ሦስት መስመር ቢሆንም መስመሮቹ እኩል አይመዝኑም።

ከእሱ ከመቶ ዓመት በላይ ቀድሞ ጋሊልዮ ተመሳሳይ ጥያቄ ቀርቦለት በትክክል መልሶታል። ሦስት ዳይስ ሲወረወር ድምሩ 9 የሚሆንባቸው የቁጥር ጥምረቶች ስድስት ናቸው፤ 10 የሚሆንባቸውም ስድስት። ታዲያ ተጫዋቾች 10 ከ9 በትንሹ ይበልጥ እንደሚወጣ ያዩት ለምንድነው? 3-3-3 የሚመጣው በአንድ መንገድ ብቻ ስለሆነ ነው። 1-2-6 ግን የትኛው ዳይስ የትኛውን ቁጥር እንዳሳየ ከቆጠርን በስድስት መንገድ ይመጣል። ሁሉንም ስንቆጥር ከ216 ውጤቶች 9 የሚሆኑት 25፣ 10 የሚሆኑት 27 ናቸው። ያቺን የሁለት ልዩነት በጨዋታ ብቻ ለማየት ስንት ጊዜ ወርውረው ይሆን? እኔ ይህን ታሪክ በጣም እወደዋለሁ፣ ምክንያቱም ሰዎቹ ዓይናቸው ያየውን አምነው "የቆጠርንበት መንገድ ነው የተሳሳተው" ብለው ጠየቁ እንጂ ዳይሱን አልወቀሱም።

መደመርን በአጭሩ ልለፈው። "ይህ ወይም ያ" ሲባል ሁለቱን ዕድሎች እንደምራለን፣ አብረው የሚሆኑበትን ግን አንድ ጊዜ እንቀንሳለን፣ አለበለዚያ ሁለቴ ይቆጠራል። ከ52 ካርታ ውስጥ የልብ ምልክት ያለባቸው 13፣ ንጉሦቹ 4 ናቸው። የልብ ንጉሡ ሁለቱም ጋ ስላለ ልብ ወይም ንጉሥ የሆኑት ካርታዎች 16 እንጂ 17 አይደሉም።

"ቢያንስ አንድ ጊዜ" የሚል ሲመጣ ደግሞ ተቃራኒውን አስልቶ ከ1 መቀነስ ይቀላል። ሼቫልዬ ደ ሜሬ የሚባል ፈረንሳዊ ቁማር ወዳድ ያስጨነቀው እንዲህ ያለ ጥያቄ ነበር፤ የሒሳብ ሊቁ ፓስካል እ.ኤ.አ. በ1654 ከሌላው የሒሳብ ሊቅ ከፌርማ ጋር በተጻጻፈበት ጊዜም ይኸው ተነስቷል። አንድ ዳይስ 4 ጊዜ ሲወረወር ቢያንስ አንድ 6 የመምጣት ዕድሉ ከግማሽ ይበልጣል፣ ወደ 51.8 በመቶ። ሁለት ዳይስ 24 ጊዜ ሲወረወር ቢያንስ አንድ ጊዜ ሁለቱም 6 የመሆን ዕድሉስ? 4 ከ6 ጋር ያለው ዝምድና 24 ከ36 ጋር ካለው ጋር አንድ ስለሆነ እኩል ይመስላል። አይደለም፣ 49.1 በመቶ ነው። መልሱ የተገኘው በእያንዳንዱ ውርወራ "ያለመምጣት" ዕድልን በማባዛትና ውጤቱን ከ1 በመቀነስ ነው።

ማባዛት ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ሰው የሚጎዳው እዚህ ነውና። ሁለት ነገሮች አብረው የመሆናቸውን ዕድል ለማግኘት ሁለቱን ዕድሎች ዝም ብለን ማባዛት የምንችለው አንዱ በሌላው ላይ ምንም ተጽዕኖ ከሌለው ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 በእንግሊዝ አገር አንዲት እናት ሁለት ሕፃናት ልጆቿን ገድላለች ተብላ ተፈረደባት። ፍርድ ቤት የቀረቡ አንድ ታዋቂ ሐኪም እንደ እሷ ባለ ቤተሰብ አንድ ሕፃን ባልታወቀ ምክንያት በድንገት የመሞት ዕድሉ ከ8,543 አንድ ነው አሉ። ለሁለት ሕፃናት ቁጥሩን በራሱ አባዝተው ከ73 ሚሊዮን አንድ ብለው ለዳኞቹ ነገሩ። የአንድ እናትና አባት ልጆች ግን ዘራቸውም ቤታቸውም አንድ ነው። አንዱ በድንገት ከሞተ ለሌላው ያለው ስጋት እንደማንኛውም ሕፃን ነው ብሎ መነሳት አይቻልም። የእንግሊዝ ሮያል ስታቲስቲክስ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2001 ይህን ስሌት በይፋ ተቃወመ። ፍርዱ እ.ኤ.አ. በ2003 ተሻረ። ዋናው ምክንያት ለመከላከያ ጠበቆች ሳይነገር የቀረ የላቦራቶሪ ውጤት ቢሆንም ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ቁጥሩንም ነቅፎታል። ያቺ እናት ሁለት ልጆቿን ካጣች በኋላ ከሦስት ዓመት በላይ ታሰረች። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ያንገበግበኛል።

ሌላም ስህተት ነበረበት። ሁለት ሕፃናት በድንገት መሞታቸው እጅግ ብርቅ ነው እንበል። እናት ሁለት ሕፃናቷን መግደሏም እጅግ ብርቅ ነው። ሕፃናቱ መሞታቸው አስቀድሞ ታውቋል፤ ስለዚህ መመዘን የነበረባቸው ሁለቱ ብርቅ ነገሮች እርስ በርስ ነው። "ንጹሕ ብትሆን ይህ የመከሰት ዕድሉ" እና "ይህ ከተከሰተ ንጹሕ የመሆን ዕድሏ" አንድ አይደሉም።

በጤና ዓምዳችሁ ስለ ምርመራ ስትጽፉ የሚጎድለው ልክ ይሄ ነው። ለምሳሌ ያህል በግምት እንቁጠር። ከ10,000 ሰዎች 100ዎቹ አንድ በሽታ አለባቸው እንበል። ምርመራው ከእነዚህ 100 ሕሙማን 90ዎቹን ያገኛል። ጤነኛ ከሆኑት 9,900 ሰዎች ደግሞ 9 በመቶውን፣ ማለትም 891 ሰው፣ በስህተት "አለባችሁ" ይላል። "አለብህ" የተባለው ሰው በጠቅላላው 981 ነው፤ በእውነት የታመመው 90 ብቻ። ስለዚህ "አለብህ" የተባለ ሰው የመታመም ዕድሉ ወደ 9 በመቶ ነው። ጋዜጣ ላይ "ምርመራው ከሕሙማን 90 በመቶውን ያገኛል" ተብሎ ብቻ ሲጻፍ አንባቢው "90 በመቶ ታምሜያለሁ ማለት ነው" ብሎ ይደነግጣል። አንደኛው መቶኛ ከሕሙማን ላይ የተወሰደ ነው፣ ሌላኛው ውጤቱ "አለብህ" ከተባሉት ላይ። ልብ በሉልኝ፣ ምርመራው ከንቱ ነው እያልኩ አይደለም። ከምርመራው በፊት ከመቶ አንድ የነበረው ዕድል ከመቶ ዘጠኝ ገደማ ደርሷል፣ ይህም ሌላ ተጨማሪ ምርመራ ለማድረግ በቂ ምክንያት ነው።

ስለ ስፖርት ገጹና ስለ ውርርድ ደግሞ አንድ ነገር ልበል። "ብዙ ጊዜ ስለተሸነፈ አሁን ተራው ነው" የሚለው አባባል ብዙ ሰው ገንዘቡን ያጣበት ነው። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 18 ቀን 1913 ሞንቴ ካርሎ ካዚኖ ውስጥ የሩሌት (ቀይና ጥቁር ቁጥሮች ባሉት ተሽከርካሪ ጎማ የሚጫወቱት ቁማር) ኳስ 26 ጊዜ በተከታታይ ጥቁር ላይ አረፈ። ሰዎች "አሁንስ ቀይ መምጣቱ ግድ ነው" እያሉ ገንዘባቸውን ቀይ ላይ ከመሩ፣ አጡትም። ኳሱ ግን ያለፈውን አያስታውስም። ከ37ቱ ቁጥሮች ጥቁሮቹ 18 ናቸው፣ ከ25 ጥቁር በኋላም 18 ናቸው። "ውሎ አድሮ ይስተካከላል" የሚለው ሕግስ? የሒሳብ ሊቁ ያኮብ ቤርኑሊ ያረጋገጠውና እሱ ከሞተ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1713፣ የታተመለት ሕግ እውነት ነው፣ ግን የሚለው ሌላ ነው። ሳንቲም 10 ጊዜ በተከታታይ ዘውድ ቢወጣ ቀጣዮቹ 990 ውርወራዎች ግማሽ በግማሽ ገደማ፣ ማለትም 495 አካባቢ ዘውድ ይሆናሉ ተብሎ ይጠበቃል። ጠቅላላው ከ1,000 ውስጥ 505 አካባቢ ይሆናል። መቶኛው ወደ 50 ተጠጋ፣ ግን ማንም ዕዳ አልከፈለም። መጀመሪያ የወጡት 10 ዘውዶች በብዛቱ ተዋጡ እንጂ በጎፈር አልተካሱም።

የአየር ትንበያውም እንዲሁ ነው። "70 በመቶ ይዘንባል" ተብሎ ሳይዘንብ ሲቀር ተሳሳቱ ይባላል። 70 በመቶ ከተባለባቸው ብዙ ቀናት ውስጥ ከአሥሩ ሰባት ገደማ ከዘነበ ትንበያው ልክ ነው። ይህን ለማወቅ አንድ ቀን አይበቃም።

ቦታ እንደሚጠባችሁ አውቃለሁ። ረጅም ማብራሪያ አልጠየቅሁም። "አደጋውን በእጥፍ ይጨምራል" የሚል ርዕስ ስታወጡ ከሥሩ አንድ መስመር ጨምሩልን፤ ከ10,000 ሰው 1 የነበረው 2 ሆኖ ነው ወይስ ከ100 ሰው 20 የነበረው 40 ሆኖ? ሁለቱም እጥፍ ናቸው፣ አንባቢው የሚወስደው ውሳኔ ግን ለየቅል ነው። ዘጋቢው ያንን ቁጥር ከምንጩ ማግኘት ካልቻለ ደግሞ "በእጥፍ" የሚለውን ርዕስ ባታወጡት ይሻላል።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ