ይድረስ ለሕፃናት ጉዳይ ሚኒስትር፦ ጌም ከማገድዎ በፊት ሳጥኑ ላይ ያለችውን ቁጥር ይዩልን

ክቡር ሚኒስትር ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎት የሁለት ልጆች እናት ነኝ፣ ትልቁ 11 ዓመቱ ነው። የተኩስ ጌም ልጆቻችንን እያበላሸ ስለሆነ ይታገድልን የሚል ጥያቄ በየጊዜው እንደሚደርስዎት አውቃለሁ፣ እኔም ከጥቂት ጊዜ በፊት ቢሆን አይኔን ሳላሽ እፈርም ነበር፣ አሁን ግን ልለምንዎት የመጣሁት ሌላ ነገር ነው።

ምን ሆነ መሰልዎት፣ ልጄ አንድ የተኩስ ጌም ካልገዛሽልኝ ብሎ ወር ሙሉ ነዘነዘኝ፣ ክፍል ውስጥ የሌለው እኔ ብቻ ነኝ እያለ፣ በመጨረሻ ገዛሁለት። ሳጥኑ ጥግ ላይ 18 የምትል ቁጥር ነበረች፣ እኔ ደሞ ክፍል 18 ምናምን መስሎኝ፣ ሻጩም ልጁ አጠገቤ ቆሞ እያየው ለማን ነው እንኳን አላለኝም። ከዛ አንድ ቀን ማታ እራት ቀርቦ ሶስት ጊዜ ጠርቼው አልመጣ ሲለኝ ሄጄ ሶኬቱን ነቀልኩት። ጆይስቲኩን ግድግዳ ላይ ከሰከሰው፣ እህቱን ገፈተራት፣ ፊቱ በርበሬ መስሎ እያለቀሰ ይጮህብኛል። ይሄ ጌም ልጄን አውሬ አደረገብኝ እያልኩ ነው ያነጋሁት።

ጠዋት ሲረጋጋ ጠየቅኩት። ለካ ኦንላይን ጨዋታ መሀል ላይ ፖዝ አይደረግም፣ አራት ሆነው ነው የሚጫወቱት፣ እሱ ድንገት ሲጠፋ ሶስቱ ይሸነፋሉ፣ ከዚህ በፊት እንደዛ ሲሆንባቸው በማይክ ምን ብለው እንደሰደቡት ሲነግረኝ ቀና ብሎ ማየት አቃተው። ከሶስቱ አንዱ ደሞ የክፍሉ ልጅ አይደለም፣ ትልቅ ይሁን ትንሽ የማያውቀው ሰው ነው። ይሄን ሁሉ ጊዜ ሄድፎን አድርጎ ስለሚጫወት እኔ ቤት ውስጥ እየተዘዋወርኩ አንድ ነገር አልሰማሁም።

ከዛ በኋላ ነው ጥናቶቹን ማንበብ የጀመርኩት። በ2019 የወጣው የኦክስፎርድ ጥናት 1004 የ14 እና የ15 ዓመት የእንግሊዝ ልጆችን ከነወላጆቻቸው ጠይቆ የጌሙ ጭካኔ ከልጆቹ ጠበኝነት ጋር ሲያያዝ አላገኘም። በ2018 ደግሞ 24 ጥናቶችን፣ ከ17,000 በላይ ሰው ማለት ነው፣ አንድ ላይ አድርገው ያዩ ሰዎች ጠበኝነቱ ትንሽም ቢሆን ጨምሮ አይተዋል። የአሜሪካ ሳይኮሎጂስቶች ማህበር በ2020 ያለው ለኔ ልክ ይመስለኛል፦ ጌም ሰውን ወደ ከባድ ወንጀል ይወስዳል ለማለት በቂ ማስረጃ የለም፣ ከመጮህና ከመገፋፋት ጋር ግን ትንሽ ግንኙነት አለው። መጮህና መገፋፋት! እኔ ቤት የሆነው እሱ አይደል? ስለዚህ ምንም አያደርግም የሚሉኝንም አልሰማም፣ ነፍሰ ገዳይ ያደርጋል የሚሉኝንም አልሰማም።

ማገዱን በተመለከተ ደቡብ ኮሪያን ይዩ፣ በ2011 ከ16 ዓመት በታች ያለ ልጅ ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ኦንላይን እንዳይጫወት በሕግ ከለከለች፣ ልጆቹ በወላጆቻቸው መታወቂያ ቁጥር እየገቡ ተጫወቱ፣ የስልክ ጌም ደሞ መጀመሪያውኑ ሕጉ ውስጥ አልነበረም፣ አስር ዓመት ቆይቶ በ2021 ሕጉ እንዲሻር ተወሰነ። እኛም ከከለከልን ልጆቹ ተደብቀው ይጫወታሉ፣ ያኔ ማን እንደሰደባቸው እንኳን አይነግሩንም፣ እኔን የሚያስፈራኝ እሱ ነው።

የምለምንዎት ይሄን ነው። አውሮፓ ከ2003 ጀምሮ 3፣ 7፣ 12፣ 16፣ 18 እያለ በሳጥኑ ላይ ዕድሜ ይጽፋል፣ ቁጥሯ አለች፣ ምን ማለት እንደሆነች ግን የሚያስረዳን የለም። ወላጅ በሚያነበው ቋንቋ በትልቁ ይጻፍልን፣ ሻጭ 18 የተጻፈበትን ለልጅ እንዳይሸጥ፣ ከወላጅ ጋር ከመጣም እንዲናገር ይገደድ። ስልክ ላይ የሚወርደውም ይታሰብበት፣ አብዛኛው ልጅ የሚጫወተው እሱን ነው። የልጅ አካውንት ላይ ከማይታወቅ ሰው ጋር የሚያወራው ማይክ አካውንቱ ሲከፈት ጀምሮ ዝግ ይሁን፣ የሚፈልግ ወላጅ ራሱ ይክፈተው። ደሞ ስልኩም ፕሌይስቴሽኑም ውስጥ ዕድሜ፣ ሰዓትና ቻት የሚወሰንበት የወላጅ መቆጣጠሪያ አለ፣ እኔ መኖሩን ያወቅኩት ጆይስቲኩ ከተሰበረ በኋላ ነው፣ ትምህርት ቤቶች ወላጅ ሲሰበስቡ ከፍተው ያሳዩን፣ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።

ያንን ጌም ቁም ሳጥን ላይ ሰቅዬዋለሁ። ልጄ አሁን የሚጫወተው 7 የተጻፈበትን ነው፣ ሳሎን ውስጥ ያለ ሄድፎን፣ እና ዙሩ ሊያልቅ ስንት ደቂቃ እንደቀረው ጠይቄው ነው ለእራት የምጠራው። እስካሁን ከኔ ጋር ይነጫነጫል፣ እህቱን ግን አልገፈተራትም።

መልስዎን እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የሁለት ልጆች እናት