የእማዬ ምድጃ ከመቀጣጠሉ በፊት

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለታደሰ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የብረት ምድጃው በሰላም መድረሱን በቴሌግራም ከላክኸው ፎቶ አየሁ። የጥቅምት ውርጭ ሳይገባ ልትተክለው መቸኮልህ ይገባኛል፤ የደብረ ብርሃን ብርድ የእማዬን ጉልበት እንዴት እንደሚይዘው አውቃለሁ። ቢሆንም ይህን አንብበህ ሳትጨርስ ክብሪት እንዳትጭር።

ግንበኛው «አዲሱን አሮጌው የሳሎን ምድጃ ውስጥ መግፋት ብቻ ነው፣ ጭሱ መንገዱን ያገኛል» ያለህን አትስማ። ያ የድንጋይ ጭስ ማውጫ የተሠራው በር ለሌለው ግልጥ እሳት ነው፤ ሰፊ ነው። በር ካለው ምድጃ የሚወጣው ጭስ ግን ትንሽ ነው። ሰፊው ድንጋይ ውስጥ ሲገባ ይቀዘቅዝና ግድግዳው ላይ እንደ ሬንጅ ይለጠፋል። ክሪዮሶት ይባላል። አንድ ቀን እሳቱ ሲበረታ ይህ ቅጥራን ራሱ ይቀጣጠላል፤ ሙቀቱም ከ1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊያልፍ ይችላል። ድንጋዩ ከተሰነጠቀ እሳቱ በቀጥታ ወደ ጣሪያው እንጨት ነው የሚሄደው።

ስለዚህ ከምድጃው አናት እስከ ጭስ ማውጫው ጫፍ የሚደርስ፣ መሃል ላይ ያልተቀጠለ የማይዝግ ብረት ቧንቧ የግድ ነው። ስፋቱ ከምድጃው መውጫ እኩል ይሁን፤ ያንተ 15 ሳንቲ ሜትር ነው። 316 የሚባለውን ደረጃ፣ የሚተጣጠፈውን፣ ከዚህ እልክልሃለሁ። ጋልቫናይዝድ (ዚንክ የተለበጠ) ቧንቧ ረክሶ አገኘሁ ብለህ እንዳትገዛ። ሲግል ዚንኩ መርዛማ ጭስ ያወጣል፣ ቧንቧውም ቶሎ ይበላል።

ቧንቧው ከመግባቱ በፊት አሮጌው ጭስ ማውጫ በደንብ ይጠረግ። ከላይ ባትሪ አብርተህ እያንዳንዱን ስንጥቅ እይ፤ ልስኑ የረገፈበትን ድፈን። ከሁሉ በላይ ኮርኒሱ ውስጥ ግባና ጣሪያውን የያዘው እንጨት ጭስ ማውጫውን መንካት አለመንካቱን ተመልከት። እዚህ አሜሪካ ሕጉ ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር ባዶ ቦታ ይጠይቃል። የሚነካ ካገኘህ እንጨቱ ይቆረጥና በሌላ ይደገፍ፤ «እስከ ዛሬ ምን ሆነ» የሚለውን ክርክር አልቀበልም። ለዓመታት ሲደርቅ የኖረ እንጨት ከአዲስ እንጨት ባነሰ ሙቀት ይያያዛል።

ቧንቧው 13 ሚሊ ሜትር በሚሆን የሴራሚክ ሱፍ ተጠቅልሎ ይውረድ። አንድ ሰው ጣሪያ ላይ ሆኖ ይልቀቅ፣ ሌላው ከታች በገመድ ይሳብ። ቆርቆሮው እርጥብ ከሆነ በሌላ ቀን ይሁን። ከምድጃው ጋር የሚገናኝበት ላይ ቢያንስ ሦስት የማይዝግ ብሎን እሰርበት። ቧንቧው ከምድጃው አንገት ውጪ ሳይሆን ወደ ውስጥ ይግባ፤ አለዚያ የሚንጠባጠበው ቅጥራን በውጭ እየወረደ ሳሎኑን ያገማዋል። ከምድጃው በላይ፣ ጭስ ማውጫው በሚጠብበት ቦታ ላይ፣ በያጁ ለቧንቧው ክብ ቀዳዳ ያለው ላሜራ ይግጠምልህ፤ ጠርዙም ይደፈን። ብዙ ሰው ይህን ይዘለውና ሙቀቱ ሁሉ ወደ ላይ ሸሽቶ ምድጃውን ያማል። ጫፉ ላይ ደግሞ ዝናብና ወፍ የማያስገባ ክዳን ይሁንበት።

ስለ ቁመቱ። ጫፉ ከጣሪያው ከሚወጣበት ቦታ ቢያንስ 90 ሳንቲ ሜትር፣ በ3 ሜትር ዙሪያ ካለ ማንኛውም ነገር ደግሞ በ60 ሳንቲ ሜትር ይብለጥ። ይህ የእዚህ አገር ሕግ ነው፤ እናንተ ግን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናችሁ። አየሩ ስስ ስለሆነ ጭስ የመሳብ ኃይሉ ይቀንሳል። በቆላ 4.5 ሜትር የሚበቃው እዚያ ከ6 ሜትር ባያንስ ይሻላል። ከጣሪያው በላይ ከ1.5 ሜትር በላይ ከሆነ በብረት ዘንግ ይደገፍ፤ ነፋሱን ታውቀዋለህ።

ሳሎኑ ጣውላ ወለል ነው። ከምድጃው በር ፊት 45፣ ከጎንና ከጎን 20 ሳንቲ ሜትር ድንጋይ ወይም ሸክላ ይነጠፍ፤ ከሥሩ ጣውላ አይቅር። ቡና ሲፈላ ቄጤማ እዚያ ድንጋይ ላይ አይጎዝጎዝ፤ ሲደርቅ አንዲት ፍንጣሪ ይበቃዋል። ሶፋና መጋረጃ 90 ሳንቲ ሜትር ይራቅ። ቴሌቪዥኑን ከምድጃው በላይ መስቀል ያሰብከውን ተወው።

አሁን ከእማዬ ጋር የሚያጣላህ ጉዳይ። ማታ እሳት ማዳፈን ልማዷ ነው። እዚህ ምድጃ ላይ ግን እንጨት ሞልቶ የአየር ማስገቢያውን ዘግቶ ማደር ከሁሉ የከፋ ነው፤ እንጨቱ ሳይነድ ሌሊቱን ሲጨስ ያድርና ቅጥራኑን ያመርታል። ትንሽ ፍልጥ በደማቅ ነበልባል ይንደድ፤ ፍሙ ሲቀር ይበቃል። እርጥብ ባህር ዛፍም እንደዚያው ነው። ተፈልጦ፣ ከላይ ተሸፍኖ፣ ጎኑ ነፋስ እያገኘ ዓመት ይክረም። የእርጥበት መለኪያ ከቧንቧው ጋር ይመጣል፤ ፍልጡን ሁለት ሰንጥቀህ አዲሱን ገጽ ለካ፣ ከ20 በመቶ በላይ ካሳየ አይገባም። የመጀመሪያዎቹን ሦስት እሳቶች ትንንሽ አድርጋቸው፤ ቀለሙ ስለሚሸት መስኮት ክፈቱ። አመዱ ክዳን ባለው ብረት ባልዲ ውጪ ይደር፤ ውስጡ ያለ ረመጥ ለቀናት ይቆያል።

ሁለት የካርቦን ሞኖክሳይድ ደወል እልካለሁ፤ አንዱ ሳሎን፣ አንዱ እማዬ መኝታ ደጃፍ ይሰቀል። ይህ ጋዝ አይሸትም፣ አይታይም። ከጮኸ ወይም ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ሁላችሁንም ከያዛችሁ መጀመሪያ ውጡ፣ ምክንያቱ በኋላ ይፈለጋል። የከሰል ማንደጃው መኝታ ቤት መግባቱም ከዛሬ ጀምሮ ይቅር።

ጭስ ማውጫው በመጮህ ድምፅ ከተቀጣጠለ በሩንና የአየር ማስገቢያውን ዝጉና ሁሉም ይውጣ፤ ውሃ አትድፉ። መጥረጉ በየዓመቱ መስከረም ይሁን፤ ቅጥራኑ 3 ሚሊ ሜትር ከደረሰ ግን ወሩን አትጠብቅ።

ቧንቧውን እንዳዝዝ የአሮጌውን ምድጃ አፍ ስፋትና ቁመት፣ ጥልቀቱን፣ የኋላውን ስፋት ለብቻው (ስለሚጠብ)፣ እና ከጫፍ ድንጋይ አስረህ ባወረድከው ገመድ የለካኸውን ቁመት ላክልኝ። የእማዬን ጉልበት ሳምልኝ።

ወንድምህ፣ ከሚኒሶታ