ለልጄ፦ ከቅዳሴ በኋላ ለእናቶች ስለምታሳዪው ገንፎ

ውድ ልጄ፣ ሰላምሽ ይብዛ።

በደብራችሁ ሰንበት ትምህርት ቤት እናቶችን ስለ ሕፃናት አመጋገብ ለማስተማር መነሣትሽ በጣም አስደስቶኛል። ከሁሉ በፊት ካህናቱን አማክሪ። ከ7 ዓመት በታች ያለ ልጅ የመጾም ግዴታ እንደሌለበት፣ ነፍሰ ጡርና አጥቢ እናትም የንስሐ አባቷን ማማከር እንዳለባት በዐውደ ምሕረት ከካህን አፍ ሲሰማ የእናቶች ልብ ያርፋል። ከአንቺ ብቻ ከሰሙት ግን «ጾም የሚያስገድፉ መጡ» ይባልና ሥራው ሳይጀመር ይቀራል።

በዐቢይ ጾም ብዙ እናት ለሕፃኗ እንቁላልና ወተት የምትተወው ልጄ ይጹም ብላ ሳይሆን ዕቃው እንዳይነካካባት ፈርታ ነው። ለልጁ ብቻ አንድ ትንሽ ድስት፣ ሳህንና ማንኪያ ለይታ ታስቀምጥ። ይህ ምክር ከረጅም ስብከት ይልቅ ይሠራል። በጾም ወራት ግቢው ውስጥ የምታበስሉት ግን የጾሙን ብቻ ይሁን፤ የእንቁላሉን በቃል አስረጂ።

የዱቄቱ ምጥን 3 እጅ እህል (ገብስ፣ ጤፍ ወይም በቆሎ) ለ1 እጅ ሽንብራ ወይም ባቄላ ነው። ጥራጥሬውን ለቅመሽ አንድ ሌሊት ዘፍዝፊው፤ ውኃውን ደፍተሽ ፀሐይ ላይ በደንብ አድርቂው፤ ከዚያ ለዘብ ባለ እሳት ቆልተሽ፣ ከክተሽና ገለባውን አበጥረሽ ከእህሉ ጋር አስፈጪ። ሳይደርቅ የተፈጨ ይሻግታል፤ ያረረ ይመራል። ወፍጮ ቤት በርበሬ ካስፈጨ ሰው ቀጥሎ አትግቢ፤ ያቃጠለውን ሕፃን ዳግም ማንኪያ ማስቀመስ ከባድ ነው።

ዱቄቱን መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውኃ በጥብጪው፤ በቀጥታ የፈላ ውኃ ላይ ከተነሰነሰ ይጓጉላል። ለ1 ስኒ ዱቄት 4 ስኒ ውኃ መነሻ ነው፤ እያማሰልሽ እስኪበስል ድረስ ጠብቂ። በደቃቁ የተከተፈ ጎመን ወይም የተፈቀፈቀ ካሮት ጨምሪና ሲበስል 1 የሻይ ማንኪያ ዘይት አክዪ፤ የካሮቱ ቫይታሚን ኤ ያለ ቅባት በሚገባ ወደ ሰውነት አይገባም። ማንኪያው ሲዘነበል ገንፎው ከፈሰሰ ቀጥኗል። ቀጭን አጥሚት ትንሿን ሆድ በውኃ ይሞላታል፤ ልጁ ጠግቦ እያለ አይፋፋም።

6 ወር የሞላው ልጅ ጡት እየጠባ በቀን ከ2 እስከ 3 ጊዜ፣ በየጊዜው ከ2 እስከ 3 የሾርባ ማንኪያ ይጀምር፤ ከ9 ወር በኋላ 3 ወይም 4 ጊዜ ይብላ። ማር ግን አንድ ዓመት ሳይሞላው አይቅመስ።

ለነፍሰ ጡሮቹም ምስሩ ላይ ሎሚ እንዲጨምቁ፣ ቡናና ሻይ ከምግብ አንድ ሰዓት ያህል እንዲያርቁ ንገሪልኝ፤ ሎሚው ብረቱ ወደ ደም እንዲገባ ሲያግዝ ቡናና ሻይ ይከለክሉታል።

ዱቄት በነፃ አታድሉ። ዱቄቱ ባለቀ ቀን እናቶቹም ይቀራሉ። እያንዳንዷ ካላት አንድ ጣሳ ይዛ ትምጣ፣ እጇን በሳሙና ታጥባ ራሷ ታማስል፣ ልጇንም እዚያው ታብላ።

ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ የላይኛው ክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ወይም ሁለቱም እግሮቹ ካበጡ፣ ገንፎ ብቻውን አይበቃውም። በዚያኑ ዕለት ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

እግዚአብሔር ይርዳሽ።
እናትሽ