ለአባቴ፣ ስለ ሞንድሪያን ቢጫ መስመሮች

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። በስልክ «ሰውም ዛፍም የሌለበት ሥዕል ምኑ ይታያል?» ብለው ለጠየቁኝ በችኮላ መመለስ ስላልፈለግሁ ይህን ጻፍሁልዎ።

እዚህ ኒውዮርክ፣ በዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም፣ ሆላንዳዊው ፒት ሞንድሪያን እ.ኤ.አ. በ1942 እና በ1943 የሠራው «ብሮድዌይ ቡጊ ዉጊ» የተባለ ሥዕል አለ። ወርዱም ቁመቱም 127 ሴንቲ ሜትር ሲሆን፣ ነጣ ባለ መደብ ላይ ቢጫ መስመሮች ቁልቁልና አግድም ይተላለፉበታል። አንድም ሰያፍ ወይም ጎባጣ መስመር የለውም፤ ሆኖም ፊት ለፊቱ የቆመ ሰው ዓይኑን አንድ ቦታ ማሳረፍ አይሆንለትም።

ቀረብ ብለው ቢያዩት ቢጫው መስመር ወጥ አይደለም፤ ቀይ፣ ሰማያዊና ግራጫ ትናንሽ ካሬዎች ይቆራርጡታል፤ ርቀታቸውም እኩል ስላልሆነ ዓይን ቀይ ሲጠብቅ ሰማያዊ ያጋጥመዋል። ቢጫው ደግሞ በድምቀቱ ከመደቡ ጋር ስለሚቀራረብ ጠርዙ አይጸናም፤ ቀይና ሰማያዊው ግን ጎልተው ይታያሉ። እንቅስቃሴው የሚመነጨው፣ በእኔ እይታ፣ አንዱ ቀለም ጸንቶ ሌላው ሲዋልል ነው። ስሙን የሰጠው ቡጊ ዉጊም ጥቁር አሜሪካውያን የፈጠሩት የፒያኖ ሙዚቃ ነው፤ ግራ እጅ አንዱን ምት ሳያቋርጥ ሲደጋግም ቀኝ እጅ ዜማውን እየሰባበረ ይጫወትበታል። ሞንድሪያን ይህን ሙዚቃ አጥብቆ ይወድ ነበር።

ከሁሉ ይልቅ የሚደንቀኝ ዕድሜው ነው። ጦርነቱን ሸሽቶ ከለንደን ኒውዮርክ ሲገባ 68 ዓመቱ ነበር። ቀለማቱን እንደ አጥር ይከልልባቸው የነበሩትንና ዓለም ያወቀባቸውን ጥቁር መስመሮች ያን ጊዜ ተዋቸው፤ ባለቀለም ተለጣፊ ጥብጣቦችን ሸራ ላይ እየለጠፈና እየነቀለ አዲስ አሠራር መፈተን ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1944 ሲያርፍ ቀጣዩን ሥዕል ገና አልጨረሰውም ነበር። ጡረታ ከወጡ ወዲህ «ከእንግዲህ ምን አዲስ ነገር እጀምራለሁ» ሲሉኝ ይህ ሰው ትዝ ይለኛል።

የሥዕሉን ባለቀለምና ጥቁርና ነጭ ቅጂዎች አብሬ ልኬልዎታለሁ። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገው ይመልከቱና፣ በጥቁርና ነጩ ቅጂ ቢጫዎቹ መስመሮች ምን እንደሚሆኑ፣ በባለቀለሙ ደግሞ ዓይንዎ ወዴት ወዴት እንደሚሄድ ይጻፉልኝ።

አክባሪ ልጅዎ