የሒሳብ ክበብ የ2018 ዓ.ም. ዘገባ፦ ልጆቻችን ይችላሉ

"የአሁን ልጆች ሒሳብ አይገባቸውም" የሚባለውን በየቦታው እንሰማዋለን። እኔ በፍጹም አልስማማም። ክበባችን ዘንድሮ የሠራውም ለዚህ ምስክር ነው።

ቁጥሩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች መሰጠት በጀመረበት በ2014 ዓ.ም. 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ሆነ። መሻሻል አለ። ቢሆንም ከመቶ ተፈታኞች ከዘጠና በላይ የሚሆኑት አሁንም አላለፉም። ይህ የሁሉም ትምህርቶች ድምር ነው፤ ሒሳብ ስንቱን ወደ ታች እንደሚጎትት ግን ማርክ የምንሞላ መምህራን እናውቃለን።

ችግሩ 12ኛ ክፍል ላይ አይጀምርም። መስከረም ላይ ለአዲስ አባላት አጭር መፈተኛ ሰጥተን ነበር። ብዙዎቹ የተሰናከሉት በ9ኛ ክፍል ትምህርት ሳይሆን በክፍልፋይ ነው። 1/2 ሲደመር 1/3፣ 2/5 ብለው የጻፉ ነበሩ። እዚያ ላይ ኢኩዌሽን ሲጨመርበት ልጁ ዝም ይላል። ከስልሳ በላይ ተማሪ ባለበት ክፍል ደግሞ ዝም ያለ ልጅ ማንም አያየውም። ስለዚህ የመጀመሪያውን መንፈቅ ክፍልፋይና ኔጌቲቭ ቁጥር ላይ አሳለፍነው። የ11ኛ ክፍል አባላት ታናናሾቻቸውን አስጠኑ። "ይሄ ክበብ ነው ወይስ ቲቶሪያል?" ላሉን መልሳችን ይኸው ነው፦ ልጆቹ የጎደላቸው እሱ ነበር።

ሰልፍ ላይ የሳምንቱን ጥያቄ አቅርበናል፣ ለሚኒ ሚዲያ ጽሑፍ ሰጥተናል፣ ዓርብ ዓርብ ተሰብስበናል።

ስለ ትግላችን ሐውልት ጉብኝት ግን ዘርዘር አድርጌ ልጻፍ። ልጆቹ ከፕሮትራክተር፣ ከስትሮ፣ ከክርና ከጠጠር የራሳቸውን የማዕዘን መለኪያ ሠርተው ቅዳሜ ጠዋት ወደ ቸርችል ጎዳና ወረድን። የነበረን ባለ 5 ሜትር የአናጺ ሜትር ነው። በጠመኔ እያሰመሩ፣ ሜትሩን እያሻገሩ፣ ከሐውልቱ ሥር 57 ሜትር ርቀው ቆሙ። በስትሮው ጫፉ ላይ ያለውን ኮከብ አነጣጥረው ሲያዩ ክሩ 50 ዲግሪ ላይ ቆመ። ከ90 ሲቀነስ ቀና ብለው ያዩበት ማዕዘን 40 ነው። በታንጀንት አስልተው 47.8 ሜትር አገኙ። ሐውልቱ ግን 50 ሜትር ነው ተብሎ ነው የሚታወቀው። ወንዶቹ "መለኪያችን ልክ አይደለም" ብለው ሊያፈርሱት ሲነሱ አንዲት የ9ኛ ክፍል ልጅ አስቆመቻቸው።

"ከመሬት አይደለም እኮ የለካነው፤ ከዓይኔ ነው!"

ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ ቆመች። እስከ ዓይኗ ሲለካ 1.5 ሜትር ሆነ። ተደምሮ 49.3 መጣ። በቤት ሠራሽ መለኪያ! ይህች ልጅ ክፍል ውስጥ እጇን አውጥታ አታውቅም። ትምህርቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው፤ ሐሳቡ ቢኖራትም ቃሉ አይመጣላትም። ሰኞ ሰልፍ ላይ ያንኑ ስሌት መጀመሪያ በአማርኛ፣ ቀጥላ በእንግሊዝኛ ለመላው ተማሪ አስረዳች። ድምጿ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ግን ጨረሰችው። እኔ እንባዬ መጣ።

ያልተሳካም አለ። በክላስተር (በአጎራባች ትምህርት ቤቶች) የጥያቄና መልስ ውድድር ከመጀመሪያው ዙር አላለፍንም። የክበብ ሰዓታችን በተደጋጋሚ በስብሰባ ተወስዷል። መጽሐፍ ያልደረሳቸው አባላት በቴሌግራም ፒዲኤፍ አንብቡ ይባላሉ፤ ስልክ የሌለው ልጅ ምን ያድርግ? ለስፖርት ማልያ በጀት መገኘቱ ደስ ይለናል። ለሒሳብ ክበብ ግን ዘንድሮ አንድ ደስታ ወረቀት እንኳን አልተገዛም፤ ፎቶ ኮፒውን ያስነሳነው መምህራን ከኪሳችን አዋጥተን ነው።

ለወተመህ (ለወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት) ያስገባነው ጥያቄ ትልቅ አይደለም። ባለ 50 ሜትር መለኪያ፣ ሳይንቲፊክ ካልኩሌተሮች፣ የፎቶ ኮፒ ወረቀትና የሚቆለፍ ቁምሳጥን ነው። ቤቱ የማይጠቀምበት ካልኩሌተር ያለው ወላጅ ወይም የቀድሞ ተማሪ ካለ ዓርብ ከትምህርት በኋላ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ባለው ክፍል ያገኘናል። ለመስከረም የተመዘገቡት ልጆች ከዘንድሮዎቹ ይበዛሉ።