ስቱዲዮ ከመግባታችሁ በፊት

ለምወድህ ልጄ፣

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔም እናትህም እህቶችህም እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ሜልቦርን ብርዱ ገና አልለቀቀንም።

የመጀመሪያ ሙሉ አልበማችሁን ልትቀርጹ መሆኑን ስሰማ ደስታዬ ወሰን አጣ። ስቱዲዮውን የተከራያችሁት ለጥቂት ቀናት ብቻ መሆኑ ግን እንዳሳሰበህ ከድምፅህ አውቄአለሁ። የአውስትራሊያውን የከባድ ሮክ ባንድ የፓርክዌይ ድራይቭን የመጀመሪያ አልበም፣ «ኪሊንግ ዊዝ ኤ ስማይል»ን ደጋግሜ አዳምጬ ይህን ልጽፍልህ ተነሣሁ።

የባንዱ ልጆች ጎረቤቶችህ ናቸው፤ ከተማቸው ባይረን ቤይ አንተ ካለህበት ከብሪስቤን በመኪና የሁለት ሰዓት መንገድ ቢሆን ነው። የባንዱን ስም የወሰዱት ይለማመዱበት የነበረው ቤት ካለበት መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 እስከ አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ድረስ ሄደው፣ ኪልስዊች ኢንጌጅ የተባለውን የአሜሪካ ባንድ ጊታሪስት አዳም ዱትኪየዊችን ፕሮዲዩሰር አድርገው፣ አልበሙን በሁለት ሳምንት ቀርጸው ተመለሱ። ከዚያ በፊት በ2003 ከሌላ ባንድ ጋር የተጋሩት ሥራ፣ በ2004 ደግሞ አንድ አነስተኛ አልበም ነበራቸው። ዋናው ሥራ ያለቀው እዚያው ሰፈራቸው፣ በልምምድ ነው ብዬ አምናለሁ። እናንተም ስቱዲዮ ውስጥ ዘፈን መፈለግ እንዳትጀምሩ።

አንድ ነገር ልብ ብለህ ስማ። ድምፃዊያቸው ዊንስተን ማኮል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይጮኻል፤ ለስለስ ብሎ የሚያዜም ድምፅ የለም ማለት ይቻላል። ዜማውን የተሸከመው የጄፍ ሊንግ ጊታር ነው። ብሬክዳውኑ፣ ማለትም ዘፈኑ ዝግ ብሎ የሚከብድበት ክፍል፣ ሲደርስ ፍጥነቱ ድንገት ይወርዳል፤ ጊታሮቹ ከትልቁ ከበሮ ጋር እኩል ይመታሉ፤ በምትና በምት መካከል ያለችው ዝምታ እንኳ ተለክታ የገባች ናት። ዛሬ ይህን በኮምፒውተር አስተካክሎ ማስመሰል ይቻላል። እኔ ግን በእጃችሁ እንድትመቱት እመኛለሁ። ከበሮ መቺያችሁና ቤዝ ተጫዋቻችሁ ለብቻቸው ተቀምጠው እነዚያን ቦታዎች ደጋግመው ይሥሩባቸው።

ስለ ጉሮሮህ እሰጋለሁ። ጩኸቱን ከሆድ የሚመጣ ትንፋሽ ካልደገፈው የድምፅ አውታርህን ይጎዳል። ያንተን ክፍል በአንድ ቀን ለመጨረስ አትሞክሩ፤ ጊታር በሚቀረጽባቸው ቀናት መካከል ከፋፍላችሁ ያዙት። ካመመህ እዚያው አቁም። ማኮል ከዚያ አልበም ሃያ ዓመት በኋላም መድረክ ላይ ነው፤ ላንተም የምለምነው ይህንኑ ዕድሜ ነው።

ሌላው የገንዘብ ነገር ነው። የፓርክዌይ ድራይቭ ቤዝ ተጫዋች በ2006 ከተቀየረ ወዲህ አምስቱም አባላት አብረው ዘልቀዋል፤ ይህ በሙዚቃ ዓለም በቀላሉ የሚገኝ አይደለም። እናንተም በገንዘብ እንዳትለያዩ፣ ማን ምን እንደሚከፍል፣ ገቢውም እንዴት እንደሚካፈል ከመግባታችሁ በፊት በጽሑፍ አስቀምጡ። የጎደላችሁ ካለ ሳታፍር ንገረኝ።

እናትህ የግጥሞቹን ጽሑፍ ላክልኝ ብላሃለች፤ የጻፍከውን ቃል በቃል ማንበብ ትፈልጋለች።

አባትህ