ነቀዝ በበላው እንጨት ላይ መድኃኒት ከማፍሰስ በፊት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በቁም ሣጥን፣ በአልጋ ወይም በጣሪያ ወራጅ ላይ በመርፌ የተወጉ የሚመስሉ ቀዳዳዎች ሲታዩ ብዙ ሰው ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ ዕቃውን አውጥቶ ይጥላል፣ ወይ ነጭ ጋዝ በስሪንጅ እየሳበ በየቀዳዳው ይጨምራል። ሁለቱም አብዛኛውን ጊዜ ከንቱ ኪሳራ ናቸው። የምናየው ቀዳዳ በአብዛኞቹ ዓይነቶች ዘንድ ነቀዙ የወጣበት ነው። እናቲቱ እንቁላሏን የምትጥለው በዓይን በማይለዩ የእንጨቱ ክፍተቶችና ስንጥቆች ውስጥ ነው። የሚፈለፈለው ነጭ እጭ ለወራት፣ አንዳንዱም ለዓመታት ውስጥ ለውስጥ ሲበላ ከውጭ ምልክት አይሰጥም። አድጎ ክንፍ ካበቀለ በኋላ ነው የእንጨቱን ፊት በስቶ የሚበረው። ስለዚህ በቀዳዳው የገባው ነጭ ጋዝ የሚያገኘው ባዶ ዋሻ ነው። በሕይወት ያሉት እጮች ያሉበት መንገድ ደግሞ በራሳቸው ብናኝ ተጠቅጥቆ ስለተደፈነ ፈሳሹ አያልፍበትም።

የሚረጨውን ከመምረጥ በፊት የበላውን መለየት ይገባል። ለዚህም ማስመሪያ፣ የእጅ ባትሪና አንድ ጥቁር ወረቀት ይበቃሉ። ቀዳዳው ክብ፣ ስፋቱ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር፣ ብናኙም በጣት ሲታሽ እንደ ዱቄት የላመ ከሆነ፣ የበላው ሊክተስ የሚባለው የጥንዚዛ ወገን ነው። ይህ ነቀዝ የሚፈልገው በጠንካራ እንጨት ውጫዊና ነጣ ያለ ክፍል ውስጥ ያለውን ስታርች ነው፤ ልቡን አይነካም። ስታርቹ ከዓመት ዓመት ስለሚቀንስ ጥቃቱ የሚበረታው ከተሠሩ ጥቂት ዓመታት ብቻ በሆናቸው ዕቃዎች ላይ ነው። ቀዳዳው ከዚህ ብዙም ሳይለይ ብናኙ እንደ ደቃቅ አሸዋ የሚሻክር ከሆነ ግን የቤት ዕቃ ነቀዝ የሚባለው ነው። ይህኛው ጥድንም ጠንካራ እንጨትንም ይበላል፤ እርጥበት ይወዳል፤ እጩም አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 5 ዓመት እንጨቱ ውስጥ ይቆያል። ሴቷ በአሮጌው መውጫ ቀዳዳ ተመልሳ እንቁላል የምትጥልበት ጊዜም ስላለ፣ ከሕክምና በኋላ ቀዳዳዎቹን በሰም ወይም በስቱኮ መድፈን ይጠቅማል።

ከ3 እስከ 6 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ ክብ ቀዳዳና ጠብቆ የታጨቀ ብናኝ የሌላ ወገን ሥራ ነው። የእሱ ዘመዶች ቀርከሃንም ይበላሉ፤ እነዚያ ግን ትንንሾች ስለሆኑ ቀዳዳቸውም ጠባብ ነው። ከሁሉም የሚያሰጋው በጣሪያና በወለል የጥድ እንጨት ላይ የሚገኘው ሞላላ ቀዳዳ ነው፤ ረጅሙ ስፋቱ ከ6 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ይህን የሚበሳው ረጅም ቀንድ ያለው ጥንዚዛ ከ3 እስከ 10 ዓመት በእጭነት ሊቆይ ይችላል፤ ጸጥ ባለ ሌሊት ሲፍቅ ድምፁ ይሰማል። ዙሪያቸው የጠቆረ፣ ብናኝ የሌላቸው ቀዳዳዎች ግን ግንዱ እርጥብ ሳለ የተበሱ ናቸው። የበሷቸው ጥንዚዛዎች እንጨቱ ሲደርቅ አብረው ስለሚያልቁ ምንም ማድረግ አያስፈልግም። መውጫ ቀዳዳ በሌለበት እንጨቱ ውስጡ ተቦርቡሮ አፈር ከተገኘ ደግሞ ምስጥ ነው፤ ሕክምናውም ሌላ ነው።

ቀጥሎ ጥቃቱ ያለ ነው ወይስ ያለፈ? ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። ነቀዙ ከሞተ 20 ዓመት ያለፈው እንጨትም ሲንቀሳቀስ ወይም በር ሲዘጋ ብናኝ ያራግፋል። ስለዚህ መጀመሪያ ብናኙን በብሩሽ ጥረጉ፤ ያሉትን ቀዳዳዎች በእርሳስ ክበቡ፤ ጥቂቱን በስስ ወረቀት ለጥፋችሁ ዝጉ፤ ከሥር ጥቁር ወረቀት አንጥፋችሁ ቀን ጻፉበት። ያልተከበበ አዲስ ቀዳዳ ከታየ፣ ወረቀቱ ከተበሳ፣ ወይም አሁን ከተሰነጠቀ እንጨት ጋር የሚመሳሰል ፈካ ያለ ብናኝ ከተከማቸ ጥቃቱ አለ። ጥንዚዛዎቹ በብዛት የሚወጡት በሞቃት ወራት ስለሆነ «ምንም የለም» ለማለት አንድ ሙሉ ዓመት መጠበቅ ያስፈልጋል። በዚህ መካከል አይጨነቁ፤ ነቀዝ እንደ እሳት በአንድ ሌሊት ቤት አይጨርስም።

ሁለት መርፌ ያለው የእንጨት እርጥበት መለኪያ ቢገኝ ትልቅ ረዳት ነው። ንባቡ ከ20 በመቶ በላይ ከሆነ የሚያፈስ ጣሪያ ወይም ቧንቧ፣ አለዚያም አየር የማያገኝ ወለል አለና እሱ ይቅደም። እርጥበቱ ከ12 በመቶ በታች ሲወርድ የቤት ዕቃ ነቀዝ ማደግ ይከብደዋል። ሊክተስ ግን በ8 በመቶም ስለሚኖር እሱን በማድረቅ ብቻ አናሸንፈውም።

ቀለምም ቫርኒሽም ለሌለበት እንጨት የምንመርጠው ዲሶዲየም ኦክታቦሬት የተባለውን የቦሮን ጨው ነው። በማሸጊያው ላይ ሌላ መመሪያ ከሌለ 100 ግራም ጨው በ900 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውኃ እስኪሟሟ ማማሰል ነው። ይህ በክብደት 10 በመቶ ይሆናል። ፈሳሹ በቀለምና በቫርኒሽ ውስጥ ፈጽሞ ስለማያልፍ ሽፋኑን በብርጭቆ ወረቀት እስከ እንጨቱ መላግና ብናኙን ማስወገድ ግድ ነው። ብዙ ጊዜ ሕክምናው የሚከሽፈው በዚህ ነው። በብሩሽ እንጨቱ መጠጣት እስኪያቆም ቀቡት፤ ሳይደርቅም ደግማችሁ ቀቡ። ጀርባውን፣ ሥሩን፣ መጋጠሚያዎቹን፣ በተለይም የተቆረጠውን ጫፍ አትርሱ። ቫርኒሽ የሚመለሰው ፍጹም ከደረቀ በኋላ ነው። ጓንትና መነጽር ይደረግ፤ ሕፃናትና ነፍሰ ጡሮች ይራቁ፤ ምግብ በሚነካ ገበታ ላይ አይቀባ። ዝናብ ስለሚያጥበው ለውጭ እንጨት አይሆንም።

በደረቅ እንጨት ውስጥ ፈሳሹ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሚሰርግ ጥልቅ ያለው እጭ ወዲያው አይሞትም። የሚያዘው ወደ እንጨቱ ፊት ሲጠጋ ወይም በስቶ ሲወጣ ነው፤ አዲስ የሚፈለፈለውም መብላት ሲጀምር ይሞታል። ስለዚህ ከሕክምናው በኋላ ባሉት ወራት ጥቂት አዳዲስ ቀዳዳዎች ቢታዩ መድኃኒቱ አልሠራም ማለት አይደለም።

ትንንሽ ዕቃ ያለ ኬሚካል በብርድ ይድናል። በፕላስቲክ ጠቅልላችሁ፣ አየሩን አስወጥታችሁና አሽጋችሁ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሚደርስ ፍሪዘር ውስጥ 2 ሳምንት አቆዩት። ሲወጣ ጠል እንዳይዘው ማሸጊያው የሚፈታው ከ24 ሰዓት በኋላ ነው። በሙቀት ከሆነ የእንጨቱ መሀል ራሱ 56 ዲግሪ ደርሶ ቢያንስ 30 ደቂቃ መቆየት አለበት። የምድጃው ቴርሞሜትር 56 ማሳየቱ አይበቃም፤ ወፍራም እግር መሀሉ እስኪሞቅ ሰዓታት ይፈልጋል። በኮላ የተለጠፈ ስስ ሽፋን ያለው ዕቃ ግን በሙቀት ስለሚላቀቅ አይሞከርበት።

ነጭ ጋዝ፣ ቤንዚንና የተቃጠለ ዘይት በቤት ውስጥ እሳት ከመጋበዝና በኋላ ኮላና ቫርኒሽ እንዳይዝ ከማድረግ በቀር ዘላቂ ጥበቃ አይሰጡም። ከሁሉ የከፋው ግን ለእህል የተሠራውን የነቀዝ ክኒን፣ ማለትም አሉሚኒየም ፎስፋይድን፣ በቁም ሣጥን ወይም በኮርኒስ ውስጥ ማስቀመጥ ነው። ክኒኑ ከአየሩ እርጥበት ጋር ሲገናኝ ፎስፊን ጋዝ ያወጣል፤ ጋዙ በስንጥቅ እያለፈ በአጠገብ ክፍል የተኙትን ይገድላል። የአፍ መሸፈኛ አይመክተውም፤ ማርከሻም የለውም። በጋዝ ማጠን ካስፈለገ ፈቃድና የጋዝ መለኪያ ያለው ባለሙያ ይሥራው፤ ነዋሪው የሚመለሰው ልኬቱ ንጹሕ ሲሆን ብቻ ነው። ዝግጅት ክፍሉ ለቦታ ጥበት ከደብዳቤያችን የሚቆርጠው ቢኖር ይህን አንቀጽ እንዳይነካብን አጥብቀን እንለምናለን።

ጣሪያ የተሸከመ እንጨት ከሆነ በካቻቢቴ ጫፍ ከዳር እስከ ዳር ውጉት። ነጣ ያለው ውጫዊ ክፍል ብቻ ከፈረሰና ልቡ ጠንክሮ ከተገኘ፣ የላላውን ጠርቦ የቀረውን በቦሮን ማከም ይበቃል። ካቻቢቴው ያለ ግፊት እየጠለቀ ከሄደ ወይም ወራጁ ከጎበጠ ግን በእንጨቱ ላይ ሰው አይውጣ፤ አናጺው መጀመሪያ ከሥር ቋሚ ይደግፍለት፣ ከዚያ በጎኑ አዲስ እንጨት ይደርብ ወይም ይለውጠው። የሚተካው እንጨት ልጡ የተላጠ፣ የደረቀ፣ ከመገጠሙ በፊትም አራት ጎኑና ሁለት ጫፉ በቦሮን የተቀባ ይሁን፤ ከተገጠመ በኋላ ግድግዳ ውስጥ የገባውን ጫፍ ብሩሽ አያገኘውም።

ከአክብሮት ጋር፣
በእንጨት ሥራና ጥገና የተሰማራን ባለሙያዎች